ግቢ ስትገቡ በስሙ የማትማሩት ትምህርት፦ መረጃ መፈለግ፣ ማጣራትና ማስረዳት

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ከሚሰጧችሁ የመጀመሪያ አሳይመንቶች አንዱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ ጉዳይ ሪሰርች ሠርታችሁ አቅርቡ፤ ከአምስት ያላነሰ ሪፈረንስ ይኑረው።» በቃ። ሪሰርች ማለት ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። ሪፈረንሱ ከየት እንደሚመጣም አይነገርም። «አቅርቡ» ሲባል ከወረቀት ማንበብ ይሁን ማስረዳትም ግልጽ አይደለም። ተማሪው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ጥያቄ ሲመልስ ኖሮ፣ አሁን መልሱ የት እንዳለ ያልተነገረው ጥያቄ ይሰጠዋል። ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። ርዕሱን እንዳለ ጎግል ላይ ይጽፋል፣ ከላይ የመጡትን ሁለት ሦስት ገጾች ይከፍታል፣ ኮፒ፣ ፔስት፣ ከዚያ ፕሪንት ቤት።

እኔ ሀዋሳ ነው የምኖረው። ግቢ ያሉ የዘመድና የጎረቤት ልጆች ጽሑፋቸውን ከማስገባታቸው በፊት «እስኪ አንዴ እዪልኝ» ብለው ይልኩልኛል። አብዛኞቹ ጎበዝ ልጆች ናቸው። ግን ይህን ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳያቸውም። ትምህርቱ ግቢ ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፣ ተበታትኖ ነው። ፍሬሽማን ላይ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርሱ አንቀጽ መጻፍ ያስተምራል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ክርክር መመዘን ያስተምራል። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ስለ ዳታ ያወራል። የምርምር ዘዴ የሚባለው ኮርስ ደግሞ ብዙ ዲፓርትመንት ላይ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፍ ሊጀመር ሲል ነው፤ እስከዚያ ተማሪው መጥፎ ልማዱን በደንብ ለምዶታል። እያንዳንዱ መምህር ሌላው አስተምሯቸዋል ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቁርጥራጮቹን የመግጠሙ ሥራ በእናንተ ላይ ይወድቃል፣ ይህ ጽሑፍም ለዚያ እንዲያግዛችሁ ነው።

ነገሩን ወደ አንድ ላምጣው። ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ሲነገራችሁ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፦ ይህን ማን አለ? እሱስ በምን አወቀ? ፍለጋ ማለት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው፣ ነገሩን በዓይኑ ካየው፣ ከለካው ወይም ከቆጠረው ሰው እስኪደርሱ ድረስ። መጻፍና ማቅረብ ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አንባቢው እናንተ የሄዳችሁበትን መንገድ ተከትሎ ራሱ ማየት እንዲችል አድርጋችሁ ታስረዱታላችሁ። ሳይቴሽን (ምንጭ መጥቀስ)፣ ሜቶዶሎጂ (የጥናቱ ዘዴ)፣ ሊትሬቸር ሪቪው (ቀድሞ የተጻፈውን መቃኘት) የሚባሉት አስፈሪ ስሞች ሁሉ ለዚህ አገልግሎት የቆሙ ናቸው።

ርዕስና ጥያቄ

እንበል አሳይመንቱ «የውሃ ጥራት በሀዋሳና አካባቢዋ» ነው። ይህ ርዕስ ነው፣ ገና ጥያቄ አልሆነም። በዚህ ርዕስ ውስጥ ሐይቁ አለ፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ጥቁር ውሃ ወንዝ አለ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ አለ፣ የቧንቧ ውሃ አለ፣ የጉድጓድ ውሃ አለ፣ የሕፃናት ተቅማጥም አለ። ሐይቁ ብቻውን ብዙ ያስጽፋል፤ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ነገር ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ነው። ይህን ሁሉ በስድስት ገጽ ልጨርስ ያለ ሰው ስለ ምንም ሳይጽፍ ገጹ ያልቅበታል።

ስለዚህ አንዱን ያዙ። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፣ የበለዘ ጥርስ። ከወንጂ እስከ ዝዋይ፣ በሀዋሳ ዙሪያም፣ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ አለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃ በዚያ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ እየሟሟ ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ደግሞ ከዚህ ያልፋሉ። ልጅ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ፣ በግምት እስከ ስምንት ዓመቱ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ከጠጣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ጥያቄ መጠየቅ ትችላላችሁ። «በሀዋሳ ዙሪያ ካሉ ልጆች መካከል ከጉድጓድ ውሃ የሚጠጡት ጥርሳቸው የመበለዙ ነገር ከቧንቧ ከሚጠጡት ይብሳል ወይ?» እዩት፣ ማን እንደሆነ አለው፣ የት እንደሆነ አለው፣ ምን ከምን ጋር እንደሚነጻጸርም አለው። ጥያቄያችሁ በቂ መሆኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ መልሱ ምን እንደሚመስል ማሰብ ነው። መልሱ ቁጥር ነው? ንጽጽር ነው? ወይስ የሰዎች ምስክርነት? መልሱ ምን እንደሚመስል መገመት ካልቻላችሁ ጥያቄው ገና ሰፊ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ዊኪፔዲያ ማንበብ ነውር የለውም። መምህራን «ዊኪፔዲያ አትጠቀሙ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ማለት የፈለጉት እንደ ምንጭ አትጥቀሱት ነው። ስለ ነገሩ አጠቃላይ ሥዕል ያዙበት፣ ከገጹ ግርጌ ያሉትን ምንጮች እዩ፣ ከዚያ ወደ ምንጮቹ ሂዱ።

ስትፈልጉ

ጎግል ላይ «የበለዘ ጥርስ ሀዋሳ» ብትሉ የምታገኙት ጥቂት ነው። ጥናቱ በብዛት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በሐኪሞችና በከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዎች እንግሊዝኛ። ስለዚህ የቤት ቃላችሁን ትታችሁ ባለሙያዎቹ በሚጠቀሙበት ቃል መፈለግ አለባችሁ፤ ዴንታል ፍሎሮሲስ (በፍሎራይድ የሚመጣ የጥርስ መበለዝ)፣ ግራውንድዋተር (የከርሰ ምድር ውሃ)፣ ሪፍት ቫሊ (ስምጥ ሸለቆ)። ቃላቱን ከየት ታመጣላችሁ? መጀመሪያ ካገኛችሁት አንድ ደህና ጽሑፍ። መጀመሪያው ላይ ካለው አጭር ማጠቃለያ፣ ከአብስትራክቱ፣ ሥር ቁልፍ ቃላት የሚል መስመር አለ፣ ብዙ ተማሪ ዘሎት ያልፋል። እነዚያን ቃላት ወስዳችሁ እንደገና ፈልጉ። ሁለተኛው ፍለጋ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው።

የእኛ አገር ፍለጋ ደግሞ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው፣ የውጭ መመሪያዎችም አያነሱትም። ስሞቻችን ይለዋወጣሉ። ሀዋሳ በላቲን ፊደል በኤች ትጻፋለች፣ በድሮ ጽሑፎች ግን ያለ ኤች «አዋሳ» ተብላ ነው ያለችው። አዳማ ናዝሬት ነበረች። ዝዋይ ባቱም ትባላለች። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2006 በፈረንጆቹ ድረስ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ስለነበር ከዚያ በፊት የተሠራ ቴሲስ በዚያ ስም ነው የተመዘገበው። የሲዳማ ክልል የተመሠረተው በ2020 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት ያለ መረጃ ደቡብ ክልል በሚለው ሥር ነው ያለው፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ ሲዳሞ በሚለው። «ስለ አካባቢያችን የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ ብዙ ጊዜ የፈለገው በአንዱ ስም ብቻ ነው። ሁሉንም ሞክሩ። የጥናት ጽሑፎችን ብቻ በሚፈልገው ጎግል ስኮላር ላይ በሁለቱ ስሞች መካከል የእንግሊዝኛውን «ኦር» በትልልቅ ፊደል ብትከቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይፈልግላችኋል።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። የአገር ውስጥ ሰነድ ላይ 1999 የሚል ካያችሁ በፈረንጆቹ 2006 ወይም 2007 ነው። ይህን ሳያስተውሉ ሁለቱን አቆጣጠር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ የቀላቀሉ ጽሑፎች አይቻለሁ፣ ግራፉ ላይ ውሃው በድንገት የተበላሸ ይመስላል።

ሌሎቹ ብልሃቶች ቀላል ናቸው። ሁለት ሦስት ቃል ተያይዞ እንዲመጣላችሁ ከፈለጋችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። ጎግል ስኮላር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ይህን ጽሑፍ የጠቀሱ ሌሎች ጽሑፎች የሚያሳይ ማያያዣ አለው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። አንድ ጥሩ ጥናት ካገኛችሁ በሪፈረንሱ በኩል ወደ ኋላ፣ በዚህ ማያያዣ በኩል ደግሞ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ። በአንድ ከሰዓት የጉዳዩን ዋና ዋና ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። እዚያው አጠገብ ሌሎች ቅጂዎች የሚለውን ከነካችሁ ደግሞ ክፍያ የሚጠይቀው ጽሑፍ ሌላ ቦታ በነጻ ፒዲኤፍ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ክፍያ ካነሳን አይቀር፣ «በዶላር ክፈሉ» የሚለውን ገጽ አይቶ መመለስ ልክ አይደለም። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የሚባለው ገጽ በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን፣ ማለትም የምርምር መጽሔቶችን፣ ሰብስቦ ያወጣል፣ የእኛም አገር ጆርናሎች እዚያ አሉ። ፐብሜድ የሕክምና ጽሑፎችን ማውጫ በነጻ ያሳያል። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ አለ፣ በፈረንጆቹ 2002 በጤና ጆርናሎች የጀመረ፣ ኋላ ግብርናና አካባቢም የተጨመረበት። ታዳጊ አገር ያሉ ተቋማት ውድ ጆርናሎችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያነቡ ያደርጋል። መግቢያው የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ ላይብረሪ ሄዳችሁ ጠይቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፣ ስለ ሲዳማና ስለ ስምጥ ሸለቆ የተሠሩም በውስጡ አሉ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለጸሐፊው በኢሜይል ጻፉለት። አድራሻው ጽሑፉ ላይ አለ። ብዙ ተመራማሪ ሥራውን የሚያነብለት ተማሪ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ላይብረሪ ስል ደግሞ፣ ላይብረሪ የማጥኛ ወንበር ብቻ የሆነባቸው ተማሪዎች በዝተዋል። እዚያ የተቀመጠው ባለሙያ ሥራው መጽሐፍ መቁጠር ብቻ አይደለም፣ ፍለጋ ሙያው ነው። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ «ይህን እየፈለግኩ ነው፣ በዚህ ቃል ሞክሬ ይህን አገኘሁ» በሉት። መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ካገኛችሁም ግራና ቀኙን እዩ፣ በይዘት የሚቀራረቡ መጻሕፍት ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

ቁጥር ስታገኙ ቆም በሉ

አሁን አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ተማሪ በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሀዋሳ ስንት ሕዝብ አላት? ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የማይመጣ ቁጥር የለም። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያደረገችው በ1999 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2007 ነው። ከዚያ ወዲህ የምታዩት የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው፣ ቤት ለቤት ተዞሮ የተቆጠረ አይደለም። ትንበያ መጥቀስ ይቻላል፣ ግን ትንበያ ብላችሁ ነው የምትጠቅሱት።

ወደ ቆጠራው ራሱ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። አንዱ ጽሑፍ ሀዋሳ 157,139 ሕዝብ አላት ይላል፣ ሌላው 258,808። ሁለቱም ምንጫቸው ያው ቆጠራ ነው። ማን ዋሸ? ማንም። ትንሹ ቁጥር በከተማው የሚኖረውን ነው የሚቆጥረው፣ ትልቁ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ ነው። አሁን የጉድጓዱን ጥያቄያችሁን አስቡት። ከጉድጓድ የሚጠጣ ሰው በብዛት የት ነው የሚኖረው? ገጠር ቀበሌ። የከተማውን ቁጥር ብቻ ወስዳችሁ ብታሰሉ የምታጠኑትን ሰው ራሱን ከስሌቱ አወጣችሁት ማለት ነው። «በምን አወቀ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ «ምኑን ቆጠረ?» ይሆናል።

ታዋቂ ጆርናል ላይ ወጣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለትም አይደለም። በፈረንጆቹ 1998 ላንሴት የተባለው ትልቅ የሕክምና ጆርናል 12 ሕፃናትን ብቻ ያየ ጽሑፍ አትሞ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኝ ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ። በመካከሉ ግን አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል፣ ወሬው እስከ ዛሬም አልሞተም። ስለዚህ ስታነቡ ስንት ሰው ታየ፣ እንዴት ተመረጡ፣ ሌሎች ደግመው ሲሠሩት ምን አገኙ ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉ መሰረዝ አለመሰረዙንም እዩ። ገንዘብ ከፍላችሁ በጥቂት ቀን እናትምላችሁ የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ እለፉት።

አንድ ጥናት ስታነቡ እንደ ልብ ወለድ ከላይ ወደ ታች አትሂዱ፣ ይደክማችኋል። መጀመሪያ አብስትራክቱን፣ ከዚያ ሰንጠረዦቹንና መደምደሚያውን፣ የሚጠቅማችሁ ከሆነ ደግሞ ዘዴውን በደንብ አንብቡ። ማስታወሻ ስትይዙ የጽሑፉን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን እዚያው ጻፉ። «ኋላ አገኘዋለሁ» የተባለ ገጽ አይገኝም። ዞተሮ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይህን ሥራ ያቀልላችኋል፣ ላፕቶፕ ካላችሁ ጫኑት።

ቻትጂፒቲን ምን እናድርገው?

ሁሉም ይጠቀማል፣ እውነቱን እንነጋገር። አትንኩት አልልም። ከባድ አንቀጽ እንዲያብራራላችሁ፣ የፍለጋ ቃላት እንዲጠቁማችሁ፣ የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ እንዲያርም ብትጠይቁት ይረዳል። ምንጭ ስጠኝ ማለት ግን አደጋ አለው። ይህ ነገር የሚሠራው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው፣ ስለዚህ እውነተኛ የሚመስል ርዕስ፣ እውነተኛ የሚመስል ጸሐፊና እውነተኛ የሚመስል ጆርናል ገጣጥሞ የሌለ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መንገድ ያገኟቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ተማሪ ሲሆን ቅጣቱ ኤፍ ነው። የሰጣችሁን ምንጭ ሁሉ ራሳችሁ ከፍታችሁ ካላያችሁት አትጥቀሱት። ሕጉ ይህ ብቻ ነው፣ ለጓደኛችሁ ሪፈረንስም ይሠራል፣ ቴሌግራም ላይ ለሚዞረው ፒዲኤፍም ይሠራል።

ኮፒ ሳያደርጉ መጻፍ

ተማሪ «ፕላጀሪዝም»፣ የሌላን ሰው ጽሑፍ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ፣ «ክልክል ነው» ይባላል እንጂ እንዴት እንደሚጻፍ ብዙም አይታይለትም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለምሳሌ እንዲሆን እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጻፍ፦ «የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለቶች ውስጥ ስለሚያልፍ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን አለው፤ ይህም በአካባቢው ልጆች ላይ የጥርስ መበለዝን ያስከትላል።»

ብዙ ተማሪ ይህን እንዲህ ያደርገዋል፦ «የሪፍት ቫሊ የመሬት ውስጥ ውሃ በቮልካኒክ ድንጋዮች ስለሚጓዝ ብዙ ፍሎራይድ አለው፤ ይህም በአካባቢው ሕፃናት ላይ የጥርስ መበለዝን ያመጣል።» ቃላቱ ተቀይረዋል፣ አካሄዱ አንድ ነው። ይህ ኮፒ ነው። ምንጩን ብትጠቅሱም የእናንተ የሆነ ነገር የለበትም።

እንዲህ ቢሆንስ? «ጥርስ የሚበልዘው ካለመፋቅ ነው የሚል ግምት ሰፈር ውስጥ ይሰማል። ጥናቱ እንደሚያሳየው ግን መነሻው ውሃው የሚያልፍበት አለት ነው። ስለዚህ መፍትሔ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የጉድጓዱን ውሃ ነው።» እዚህ ላይ የሌላውን ሰው ግኝት ወስዳችሁ፣ የእሱ መሆኑን ተናግራችሁ፣ ለራሳችሁ ሐሳብ መሥሪያ አደረጋችሁት። ልዩነቱ ይህ ነው። ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድም ከባድ አይደለም። አንቀጹን አንብቡት፣ ዝጉት፣ ለዶርም ጓደኛችሁ በአማርኛም ይሁን በሲዳሙ አፎ በቃላችሁ አስረዱት፣ ከዚያ የተናገራችሁትን ጻፉ። በመጨረሻ ዋናውን ከፍታችሁ ያጣመማችሁት ነገር እንዳለ እዩ። ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፣ ተመልሳችሁ አንብቡ።

ስም አጠቃቀም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ኤፒኤ የሚባለው የአጠቃቀስ ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም ከፊት ያስቀድማል። ስለዚህ አልማዝ ተሰማ የምትባል ጸሐፊ ብትኖር «ተሰማ» ተብላ ትጠቀሳለች፣ ማለትም ሥራዋ በአባቷ ስም ይሄዳል። በኢትዮጵያ ጥናት ዙሪያ ያሉ ጆርናሎች በፊናቸው ኢትዮጵያዊውን በራሱ ስም ያስቀድማሉ። ዲፓርትመንታችሁ የሚለውን ጠይቁና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ ጽኑ። ስትፈልጉ ግን በሁለቱም ፈልጉ።

ለሰው ማስረዳት

ለአድቫይዘር የሚላክ መልእክት ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ሥራ የሚቆመው እዚያ ነው። «ሃይ ቲቸር፣ ፕሮፖዛሌን አይተውልኛል?» ከሚል ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ የጉድጓድ ውሃንና የልጆች ጥርስን የሚመለከተው ፕሮፖዛል ላይ እየሠራሁ ነው። ሁለት ትምህርት ቤት ልውሰድ ወይስ አንዱን በደንብ ልየው የሚለው ላይ ተቸግሬአለሁ። እኔ ወደ ሁለቱ አዘንብያለሁ፣ ምክንያቱም ማነጻጸር ስለሚያስችል ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ብመጣ ይመችዎታል?» ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደደረሳችሁ፣ ምን እንደሚጠየቅ ሁሉም አለ። እንዲህ ያለ መልእክት መልስ ያገኛል።

ፕሬዘንቴሽን ላይ የማየው ነገር ያሳዝነኛል። ስድስት ልጅ በአንድ ግሩፕ፣ አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸው ይገባል፣ በመጨረሻ ሁሉም ተራ በተራ ወጥተው ስላይድ ያነባሉ። ስላይዱን ሰው ራሱ ማንበብ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ሰሚው ወደ ዶርሙ ይዞት እንዲሄድ የምትፈልጉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ወስኑ። የቀረው ሁሉ እሱን የሚያስረዳ ይሁን፣ የማያስረዳው ይውጣ። ቁጥሩን ተናገሩ፣ ከየት እንደመጣ ተናገሩ። የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ «ይህን አላየሁትም፣ እዚህ ቦታ ግን ሊገኝ ይችላል» ማለት ክብር አይቀንስም፣ እንዲያውም መፈለግ እንደምታውቁ ያሳያል።

መጠይቅ ይዛችሁ ሰፈር ስትገቡ ደግሞ ተግባቦቱ ሌላ መልክ ይይዛል። እማማ በራቸው ላይ ቆመው «ከየት ነው የመጣችሁት?» ሲሉ መጀመሪያ ማንነታችሁንና ዓላማችሁን ንገሯቸው፣ ካልፈለጉ አለመመለስ መብታቸው እንደሆነም ጨምሩ። «የጉድጓዱ ውሃ ልጆችዎን እየጎዳ ነው አይደል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን ራሳችሁ ሰጣችሁ። «ልጆቹ የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ከመቼ ጀምሮ?» በሉ። የሚናገሩት በሲዳሙ አፎ ከሆነና አስተርጓሚ ካላችሁ፣ ጥያቄውን ለአስተርጓሚው አስቀድማችሁ አስረዱት፣ አለበለዚያ በየቤቱ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚጠየቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ነው አጥብቄ የምለምናችሁ። ጥናቱ ይሠራል፣ በመምህራን ፊት ቀርቦ ዲፌንስ ይደረጋል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ይገባል፣ ያቺ እናት ግን ምን እንደተገኘ አይነገራቸውም። እሳቸው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ቢባሉ ምንም አይጠቅማቸውም። የሚጠቅማቸው ነገር ግን አለ። ብዙ ሰው ውሃ ካፈሉት ሁሉ ነገር ይጠፋል ብሎ ያምናል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር የቀረው ውሃ ላይ መጠኑ ይጨምራል። የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። ጥንቃቄው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለትንንሾቹ ልጆች ነው፣ አንዴ በልዞ የወጣ ጥርስ ውሃ በመቀየር አይነጣም። ይህን በሁለት ደቂቃ መናገር ይቻላል። የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈልጉና ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ፣ ሰፈሩ በሚናገረው ቋንቋ፣ ተዉላት። የትኛው ጉድጓድ እንደተለካና መቼ እንደተለካ ጻፉበት፣ ስልካችሁንም ጨምሩ፣ ጥያቄ ሊኖራት ይችላል።